ሕልሙን አውቆ ቼኩን የማያውቅ ተማሪ

አሜሪካ ውስጥ የሚማር ልጅ «ማርቲን ሉተር ኪንግ ምን ተናገረ?» ቢባል መልሱ አፉ ላይ ነው፤ ስለ ሕልሙ። «ከሕልሙ በፊትስ ምን አለ?» ሲባል ግን ብዙው ዝም ይላል። ዝምታው የልጁ ጥፋት አይደለም። ብዙ ጊዜ በየክፍሉ የሚታደለው ቅንጫቢ ከሕልሙ ጀምሮ በሕልሙ ያልቃል። ልጁ የንግግሩን ጅራት ይዞ በሬውን አየሁ እንዲል ነው የተማረው።

ኦገስት 28 ቀን 1963 ዋሽንግተን ላይ የተደረገው ያ ንግግር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሩብ ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ ነው። ሕልሙ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። እንዲያውም አስቀድሞ በተዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም፤ ኪንግ ወረቀቱን ትቶ የተናገረው ነው። ዘማሪዋ ማሄሊያ ጃክሰን ከኋላው ሆና «ስለ ሕልሙ ንገራቸው» ብላ እንደጮኸችለት በቦታው የነበሩ ሰዎች ተርከዋል። ታስቦበት፣ ተመክሮበት በወረቀት የሰፈረው ክፍል ግን ስለ ሕልም ሳይሆን ስለ ዕዳ ነበር።

◆ ስንቅ የሌለው ቼክ

በሊንከን መታሰቢያ ፊት ለተሰበሰበው፣ ወደ 250 ሺህ ለሚገመተው ሕዝብ ኪንግ ከሕልሙ አስቀድሞ ያነሳው የባንክ ጉዳይ ነው። የሐሳቡ ጭብጥ ይህን ይመስላል፦ ሀገሪቱን የመሠረቱት ሰዎች የነጻነት መግለጫውንና ሕገ መንግሥቱን ሲጽፉ ለእያንዳንዱ ዜጋ የሚከፈል የተስፋ ሰነድ ፈርመዋል። ጥቁሩ ዜጋ ሰነዱን ይዞ ሲሄድ ግን ሒሳቡ ባዶ ነው ተብሎ ተመለሰ። ሰልፈኛው ዋሽንግተን የመጣው ያንን ቼክ ሊመነዝር ነው።

ይህን ምሳሌ ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ደረቅ ቼክ ምን እንደሆነ የመርካቶ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። በኢትዮጵያ ሕግ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ ወንጀል ነው። ቼኩ የተመለሰበት ሰው ደግሞ ለማኝ አይደለም፤ ከሳሽ ነው። ኪንግ በአንድ የባንክ ምሳሌ የሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ መቶ ዓመት ሙሉ «ታገሡ፣ ይደረግላችኋል» ሲባል የኖረውን ሕዝብ ከተመጽዋች ወንበር አንሥቶ በባለገንዘብ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ መንግሥትን ደግሞ ባለዕዳ አደረገው። ባለዕዳ የሚጠየቀው ደግነት ሳይሆን ክፍያ ነው።

ክፍያው ምን እንደሆነም የተሰወረ አልነበረም። የሰልፉ ሙሉ ስም «ለሥራና ለነጻነት» የሚል ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት ቢያንስ 2 ዶላር ይሁን የሚል ነው። በዚያን ጊዜ በፌዴራሉ መንግሥት የተወሰነው 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነበር። ሕልሙን ብቻ የተማረ ልጅ ይህን 2 ዶላር ሳይሰማ ይመረቃል።

እንዲህ የተቆረጠ ትምህርት ጉዳቱ በክፍል ውስጥ አይቀርም። ኪንግ ልጆቹ በቆዳቸው ቀለም ሳይሆን በጠባያቸው የሚመዘኑበትን ቀን የተመኘበት ዓረፍተ ነገር ብቻውን ተነቅሎ ለጥቁሮች የተለየ ዕድል የሚሰጡ የቅጥርና የትምህርት መመሪያዎችን ለመቃወም ለዐሥርተ ዓመታት አገልግሏል። ኪንግ ግን ከንግግሩ በኋላ በ1964 ባወጣው መጽሐፉ ለዘመናት የተበደለ ሕዝብ ልዩ ማካካሻ እንደሚገባው በግልጽ ተከራክሯል። ዓረፍተ ነገሩን በሁለቱም በኩል መከራከሪያ ማድረግ ይቻል ይሆናል። ቼኩን ያነበበ ተማሪ ግን ቢያንስ ክርክር እንዳለ ያውቃል። ሕልሙን ብቻ የሰማው ግን የመጀመሪያው ጠቃሽ የነገረውን ይዞ ይሄዳል።

◆ ስም ማውጣት ትንተና አይደለም

የንግግር ጥበብን ማስተማር በአሜሪካ ትልቅ ቦታ አለው። ከፍተኛ ውጤት የሚፈልጉ ተማሪዎች በሚወስዱት የኤፒ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ላይ ከሦስቱ ድርሰቶች አንዱ የአንድን ንግግር ወይም ጽሑፍ አነጋገር መተንተን ነው። የሲቪል መብት ዘመን ንግግሮች ለዚህ ልምምድ የተመቹ ናቸው። ችግሩ ልምምዱ ብዙ ጊዜ ወደ አደን መለወጡ ነው። ተማሪው ማድመቂያ ብዕር ይይዝና ድግምግሞሹን በቢጫ፣ ተለዋጭ ዘይቤውን በሰማያዊ፣ ስሜት የሚነካውን በሮዝ ይቀባል። ከዚያ «ተናጋሪው ድግምግሞሽ የተጠቀመው ሐሳቡን ለማጠናከር ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ለየትኛውም ንግግር ይሆናል፤ ለሳሙና ማስታወቂያም ይሆናል።

ኢትዮጵያ የተማረ አንባቢ ይህን በሽታ ያውቀዋል። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «በሚከተለው ግጥም ውስጥ የሚገኘው ዘይቤ የቱ ነው? ሀ. ተነጻጻሪ፣ ለ. ተለዋጭ፣ ሐ. ሰውኛ፣ መ. ግነት» ተብሎ ያልተጠየቀ የለም። «ለ» ብሎ ያከበበ ነጥቡን ያገኛል። ገጣሚው ለምን ያንን እንደመረጠ፣ ማንን ሊነካ እንደፈለገ፣ ዘይቤው ባይኖር ምን ይጎድል እንደነበር የሚጠይቅ አስተማሪ ያጋጠመው ዕድለኛ ነው።

የሚገርመው የቅኔ ቤት ይህን ስሕተት ቀድሞ ያወቀ መሆኑ ነው። «ይህ ኅብር ነው፣ ይህ ሰምና ወርቅ ነው» ብሎ የቅኔውን ዓይነት ብቻ የጠራ ተማሪ ገና ከበሩ ላይ ነው፤ የሚጠበቅበት ወርቁን ማውጣት ነው። በእርግጥ ቅኔና የአደባባይ ንግግር አንድ አይደሉም። ባለቅኔው ወርቁን የሚሰውረው የሚያወጣ ፈልጎ ነው፤ ኪንግ ግን ከሩብ ሚሊዮን ሰው አንዱም ሳይገባው እንዳይቀር ነው የተናገረው። የመምህሩ ጥያቄ ግን በሁለቱም ቦታ ያው ነው፤ «ታዲያ ምን ሊል ነው?»

የዘይቤ ስም መማር ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። አናጢ የመሣሪያዎቹን ስም ማወቅ አለበት። ግን መዶሻና መጋዝን ለይቶ የጠራ ሁሉ ወንበር ሠራ አይባልም። የኤፒው ፈተና መመዘኛ እንኳ ከ6 ነጥብ 4ቱን የሚሰጠው ለማስረጃና ለማብራሪያ ነው። አደኑ ለፈተናም አይረባም ማለት ነው።

◆ ዘይቤ አልባዋ ተናጋሪ

የአደኑ ዘዴ የት ላይ እንደሚወድቅ ለማየት ፋኒ ሉ ሄመርን መስማት በቂ ነው። ሄመር በሚሲሲፒ ጥጥ እርሻ ላይ የኖረች፣ ብዙ ያልተማረች ሴት ነበረች። ኦገስት 22 ቀን 1964 አትላንቲክ ሲቲ ላይ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ የውክልና አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ መሰከረች። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ሚሲሲፒን የሚወክለው ጥቁሮችን ያገለለው የነጮች ቡድን ነው ወይስ ሄመር ያለችበት፣ ጥቁሮችን ያካተተው ቡድን?

ምስክርነቷ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ምሳሌ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ቀን፣ ቦታ፣ ስምና ቁጥር ነው። ኦገስት 31 ቀን 1962፣ 18 ሰዎች ሆነው ለመራጭነት ሊመዘገቡ 26 ማይል ተጓዙ። ስትመለስ የእርሻው ባለቤት ምዝገባውን ካልሰረዝሽ ውጪ አላት፤ ወጣች። ሴፕቴምበር 10 ቀን እሷን ፍለጋ በአንድ ቤት ላይ 16 ጥይት ተተኮሰ። በቀጣዩ ዓመት ዊኖና በምትባል ከተማ እስር ቤት ውስጥ ተደበደበች። ማድመቂያ ብዕር የያዘ ተማሪ ይህን አንብቦ «ዘይቤ የለውም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ግን አላለፉትም። ሄመር እየመሰከረች ሳለ ጆንሰን ድንገት ጋዜጠኞችን ሰበሰቡ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከእሷ ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞሩ። ይሁንና በዚያው ምሽት ጣቢያዎቹ ምስክርነቱን አስተላለፉት፤ ሕዝቡም ሰማ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊያስጥለው የፈለገ ንግግር «ዘይቤ የለውም» ከተባለ ችግሩ ያለው በትርጓሜው ላይ ነው።

የሄመር ጥበብ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። ስሟን ስትናገር «ሚስስ» ብላ ነው። ከዚያ የመንገዷን ስምና የቤት ቁጥሯን ሳይቀር ሙሉ አድራሻዋን ሰጠች፤ አውራጃዋ የሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ መኖሪያ መሆኑንም አከለች። ኢስትላንድ የዘር መለያየትን አጥብቀው ከሚደግፉት ሴናተሮች አንዱ ነበሩ። በስሟ ጥይት የተተኮሰባት ሴት በቴሌቪዥን ፊት የቤት ቁጥሯን ስትናገር፣ ያ አድራሻ ብቻ አይደለም። «እዚህ ነኝ፤ ዜጋ ነኝ፤ ሴናተሩ ባሉበት አውራጃ እኔም አለሁ» ማለት ነው።

«ሚስስ» የምትለው ቃልስ? በዚያን ዘመን ደቡብ ነጮች ጥቁር ሴትን፣ አያት ብትሆን እንኳ፣ በመጀመሪያ ስሟ ይጠሯት ነበር። ሜሪ ሃሚልተን የምትባል የመብት ታጋይ አላባማ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርባ ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ብሎ ሲጠራት በማዕረግ ካልተጠራሁ አልመልስም አለች። ፍርድ ቤት በመድፈር ታሰረች፤ ተቀጣች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1964 ቅጣቱ ተሻረላት። ኪንግም ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ሚስቶችና እናቶች ይህ ማዕረግ መነፈጋቸውን ከበደሎቹ መሐል ቆጥሮታል።

ይህን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪ ለማስረዳት ጊዜ ይወስዳል። ለሀበሻ ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «አያትህን አንድ የማያውቃት ወጣት ‘አንቺ ነይ እዚህ’ ቢላት ምን ይሰማሃል?» አንቱታ ያለበት ቤት ያደገ ልጅ አክብሮት በአንዲት ቃል እንደሚሰጥና በአንዲት ቃል እንደሚነጠቅ ከአፉ መፍቻ ጋር ተምሮታል። ክፍል ውስጥ ከማንም ቀድሞ እጁን ማውጣት የሚገባው እሱ ነው።

◆ «እንደ» የሚለው ቃል ሲጠፋ

ግጥምም ከዚህ አይለይም። ላንግስተን ሂዩዝ በ1951 ያሳተማት «ሃርለም» የምትባል ግጥም 11 መስመር ብቻ ናት። የዘገየ ሕልም ዕጣው ምን እንደሚሆን ትጠይቅና አንዱን ማነጻጸሪያ ከሌላው በኋላ ትደረድራለች፤ የሚደርቅ፣ የሚመግል፣ የሚከረፋ ነገር። ሁሉም «እንደ» በሚል ቃል የታሰሩ ናቸው። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ግን «እንደ» የለም። ስለ ፍንዳታ የሚጠይቅ ባዶ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረው።

በአደን ዘዴ የተማረ ልጅ «ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ አምስት ጊዜ» ብሎ ይቆጥራል። የሚያስፈልገው ግን ስድስተኛው ለምን እንደጎደለ መጠየቅ ነው። ገጣሚው እስከዚያ ድረስ በምሳሌ ሲያለሳልስ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ምሳሌውን ለምን አነሣው? መልሱ ያለው በርዕሱ ነው። ሃርለም በ1935ም በ1943ም በብጥብጥ የተናወጠ የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሠፈር ነው። ፍንዳታው ለሃርለም ሰው ምሳሌ አልነበረም፤ የጎዳናው ታሪክ ነው። ይህን ያየ ተማሪ አንድ የጎደለ ቃል የአንድ ሠፈር ቁጣ መሸከም እንደሚችል ይማራል። ኪንግ ከ12 ዓመት በኋላ «ሕልም» ሲል ቃሉ ምን ዓይነት ጭነት ተሸክሞ እንደመጣም ይገባዋል።

◆ «ይህ ፖለቲካ ነው» ለሚሉ

እንዲህ ማስተማር ተቃዋሚ አያጣም። «የቋንቋ ክፍል ቋንቋ ይማርበት፤ ፖለቲካውን ለቤተሰብ ተዉት» የሚል ወላጅ አለ። ክርክሩ ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም። አስተማሪ የራሱን አቋም የንግግር ትንተና አስመስሎ በልጅ ራስ ላይ ቢጭን ጥፋት ነው። መፍትሔው ግን ንግግሩን መቁረጥ ሳይሆን ሙሉውን ማንበብ ነው። ሙሉውን ያነበበ ልጅ ከአስተማሪውም ጋር መከራከር ይችላል፤ ቅንጫቢ የተሰጠው ግን የቆረጠውን ሰው ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም።

ከ2021 ወዲህ ፍሎሪዳን፣ ቴክሳስንና ቴነሲን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች ስለ ዘር በክፍል ውስጥ የሚባለውን የሚገድቡ ሕጎች አውጥተዋል። በ2023 በፍሎሪዳ አንድ ትምህርት ቤት፣ አማንዳ ጎርማን በ22 ዓመቷ በፕሬዚዳንት ባይደን ሹመት በዓል ላይ ያነበበችው ግጥም የአንድ ወላጅ አቤቱታ ቀርቦበት ከታናናሾቹ ልጆች መደርደሪያ ተነሥቶ ወደ ታላላቆቹ ተዛወረ። በአቤቱታው ቅጽ ላይ የደራሲው ስም «ኦፕራ ዊንፍሬይ» ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ኦፕራ የጻፈችው መቅድሙን ነው። ከሳሹ ሽፋኑን እንኳ አጥርቶ ያላነበበበት ክስ ግጥሙን ከቦታው አንቀሳቀሰው። ማንበብ የሚያውቅ ሲጠፋ የሚሆነው ይህ ነው።

◆ የሀበሻ ቤት ድርሻ

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ወላጅ ልጁ የኪንግን ንግግር ይዞ ሲመጣ «የእነሱ ታሪክ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ማወቅ ይጠቅመዋል። በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ይህን የሀገር ኮታ ሥርዓት ያፈረሰው በኦክቶበር 1965 የተፈረመው ሕግ ነው። የሲቪል መብት ሕጉ በ1964፣ የድምፅ መስጠት መብት ሕጉ በ1965 ኦገስት ከወጡ በኋላ፣ በዚያው ማዕበል የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በትምህርት፣ በስደተኝነት፣ በቤተሰብም ሆነ በዲቪ የገባ ሁሉ እነ ሄመር በከፈቱት በር አልፏል። ቼኩ ሲመነዘር ለሀበሻውም ደርሶታል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የሌለው መጽሐፍ አለ። ከዋሽንግተኑ ሰልፍ አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1963፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ተናገሩ። ቦብ ማርሊ በ1976 ዘፈን ያደረገው ያ ንግግር የተገነባው በድግምግሞሽ ነው። የኪንግ ድግምግሞሽ የሚመጣውን ቀን ይስላል፤ የንጉሡ ድግምግሞሽ ግን ቅድመ ሁኔታ ይደረድራል፤ ይህ እስካልሆነ ድረስ፣ ያ እስካልተሻረ ድረስ ሰላም አይኖርም የሚል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንዱ ለምን ተስፋ፣ ሌላው ለምን ማስጠንቀቂያ መረጠ?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ምሽት የቤት ትምህርት ነው።

ጥያቄው ግን እዚያ ሊቆም አይገባም። በዓለም መድረክ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የተናገሩት ንጉሥ በሀገራቸው የፖለቲካ ፓርቲ አይፈቅዱም ነበር፤ መንግሥታቸው ከመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከተረፈም ሦስት ዓመት አልሞላውም። ይህን ማንሣት የንግግሩን እውነትነት አያፈርስም። ማን፣ የት፣ ለማን እንደተናገረ መጠየቅ የሚገባው ለፈረንጁ ብቻ ሳይሆን ለራስ ንጉሥም መሆኑን ያስተምራል። የወደዱትን ንግግር መመርመር የማይችል፣ የጠላውን መርምሬያለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

◆ አራት ጥያቄ

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አያስፈልግም። ማድመቂያ ብዕሩ ከመነሣቱ በፊት አራት ጥያቄ ይቅደም፦ የሚናገረው ማን ነው፣ ሲናገርስ ምን ያጣል? የሚሰማው ማን ነው፣ ከእሱ ጀርባስ ሌላ ሰሚ አለ? ምን ይደረግ እያለ ነው? ካልተደረገስ ምን ይመጣል? ዘይቤው ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ሲመጣም ሥራው ምን እንደሆነ ይታወቃል።

ከጥያቄዎቹ ጋር ሙሉውን ማንበብ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ሲቻልም ረቂቁን ከተነገረው ጋር ማስተያየት ይጨመር። በዚያው በ1963ቱ ሰልፍ ላይ የ23 ዓመቱ ጆን ሉዊስ ያዘጋጀው ንግግር ከመነበቡ በፊት፣ የዋሽንግተኑ ሊቀ ጳጳስ ፓትሪክ ኦቦይል አልሳተፍም በማለታቸው፣ በሽማግሌዎች ልመና እንዲለዝብ ተደርጓል። የመንግሥትን የሕግ ረቂቅ አንደግፍም ይል የነበረው ወደ «እንደግፋለን፣ ግን ቅሬታ አለን» ተለወጠ። የተሰረዘችው ቃል ለምን ተሰረዘች፣ ማን ፈራት ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአሥር የዘይቤ ዝርዝር የበለጠ ይማራል።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል የሀገሩ ሰው። ዛሬ አንድ ወጣት በእጁ በያዘው ስልክ በቀን የሚደርሰው ንግግር አያቱ በዓመት ከሰማችው ይበልጣል። አንዱ ውደድ ይለዋል፣ አንዱ ጥላ፣ አንዱ ስጥ፣ አንዱ ዝመት። ሁሉም ምሳሌና ድግምግሞሽ አላቸው። «ይህ ግነት ነው» ብሎ ስም ማውጣት የቻለ ሁሉ አይድንም። የሚድነው «ይህ ሰው ከእኔ የሚፈልገው ምንድን ነው? ዕዳውንስ የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ነው።